የቀይ ባሕርን ዓሣ የመዘገበው የነጋዴ ልጅ፤ የኤድዋርድ ሩፔል የሕይወት ታሪክ

ዕቃውን ቆጥሮ የሚረከብ ነጋዴና መዝገቡን በየዕለቱ የሚያመሳክር አስተዳዳሪ ስሙና ልኩ ያልታወቀ ሀብት እንደሌለ እንደሚቆጠር በሚገባ ያውቃሉ። የቀይ ባሕርም ዓሣ ከጥንት ጀምሮ የባሕር ዳሩን ሕዝብ ሲመግብ ቢኖርም፣ በየወገኑ ተለይቶ፣ መልኩ ተሥሎና ስሙ ተጽፎ ለዓለም የታወቀው በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በተደረገ ብርቱ ድካም ነው። በዚህ ሥራ ዕድሜውንና ገንዘቡን ካፈሰሱት ሰዎች አንዱ የፍራንክፉርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የጨው ውኃ ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች ከሚወዷቸው ዓሦች መካከል ጥቂቶቹ የሳይንስ ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ሰው እጅ ስለ ሆነ፣ የሕይወቱ ታሪክ ለባሕር ዳር ሰው የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩፔል በ1794 በኅዳር ወር በጀርመን አገር በፍራንክፉርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለ ባንክና የታወቀ ባለጸጋ ስለ ነበር፣ ልጁም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ በንግድ እንዲኖር ታስቦ ነበር። ሩፔልም ወጣትነቱን በዚሁ ሥራ ጀመረ። ዳሩ ግን በ1817 ወደ ግብፅ ተሻግሮ የዓባይን ወንዝ ሽቅብ እስከ አስዋን ድረስ ከተጓዘና የሲናንም በረሃ ካየ በኋላ ልቡ ከሒሳብ መዝገብ ወደ ፍጥረት ምርመራ አዘነበለ። ሆኖም እንደ ብዙ መንገደኞች ዓይኑ ያየውን ብቻ ጽፎ ለመመለስ አልፈለገም። የማያውቀውን ሳይማር ወደ በረሃ መግባት ያለ ሚዛን ገበያ እንደ መውጣት መሆኑን ተረድቶ፣ ወደ ኢጣልያ ሄዶ በፓቪያና በጄኖቫ የዕፅዋትንና የእንስሳትን ጥናት፣ እንደዚሁም በከዋክብት ቦታን የመለካትን ጥበብ ተማረ።

በዚያው በ1817 በትውልድ ከተማው የሴንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ሩፔል የዚህ ማኅበር አባል ሆነና ወደ አፍሪካ ሄዶ የሚሰበስበውን ሁሉ ለማኅበሩ ቤተ መዘክር ለመስጠት ወሰነ። ለጉዞው ያወጣው ገንዘብ በአብዛኛው የራሱ ነበር። ሌላው ነጋዴ ገንዘቡን በሸቀጥ ላይ አውሎ ትርፍ በሚጠብቅበት ዕድሜ፣ እርሱ ውርሱን በቆዳ፣ በአጥንት፣ በድንጋይና በአልኮል በተሞላ ገምቦ ላይ አዋለው።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞው ከ1822 እስከ 1827 የቆየ ነው። ሚካኤል ሄይ የተባለ ሐኪም ረዳቱ ሆኖ አብሮት ነበር። በ1822 የዓቀባን ባሕረ ሰላጤ ተመለከተ፤ ወደዚያ ከደረሱት የአዲሱ ዘመን አውሮፓውያን መርማሪዎች ከፊተኞቹ አንዱ እርሱ ነው። ቀጥሎም ዓባይን ተከትሎ ወደ ኑቢያ ዘለቀ፤ ከዚያም አልፎ እስከ ኮርዶፋን ደረሰ። ጊዜው የመሐመድ ዓሊ ፓሻ ጭፍራ ሱዳንን ከያዘ ጥቂት ዓመት ያለፈበትና አገሩ ገና ያልረጋበት ስለ ነበር፣ መንገደኛ በቀላሉ የሚያልፍበት ዘመን አልነበረም።

ሩፔል ያለፈበት የኑቢያ ወንዝ ዳር ኋላ የደረሰበትን ነገር መጥቀስ ይገባል። የአስዋን ታላቅ ግድብ ሲሠራ የዋዲ ሐልፋ ከተማና በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች በውኃ ስለሚዋጡ፣ ከ1964 ጀምሮ 50,000 ያህል ኑቢያውያን በአትባራ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ምድር ተዛውረው አዲሱን ሐልፋ መሠረቱ። ለእነርሱም እርሻ ውኃ የሚሰጠው የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ በዚያው በ1964 ተፈጸመ። የቦታው ስም በዐረብኛ የውኃ ስልቻ አፍ ማለት ነው። የስልቻው ሆድ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ በደለል እየሞላ፣ በመጀመሪያ 1.3 ሚሊዮን ሺህ ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረው ማጠራቀሚያ ከግማሽ የበለጠውን ቦታ ለጭቃ ለቋል። ደለሉን ለማስወገድ በክረምት ጎርፍ ጊዜ የግድቡ በሮች ተከፍተው ውኃው በሚለቀቅበት ሰዓት፣ ጭቃው አየሩን ስለሚያሳጣው ዓሣው በብዛት ይሞታል። ይህ ነገር በሩቅ ሲታይ ከሩፔል ታሪክ ጋር የማይገናኝ ይመስላል። ነገር ግን ዓሣ የሚኖረው በውኃ ብዛት ብቻ ሳይሆን በውኃ ጥራት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም፤ ወደፊት እንደሚታየውም ሕጉ ለትልቁ ግድብና ለትንሹ የመስተዋት ገንዳ አንድ ነው።

ሩፔል ከኑቢያ ከተመለሰ በኋላ ፊቱን ወደ ቀይ ባሕር አዞረ። በባሕሩ ላይ ከእርሱ በፊት ያለፉት ሰዎች ዕጣ ግን የሚያስፈራ ነበር። የስዊድን ተወላጅ የሆነው ፔር ፎርስኮል ከዴንማርክ ንጉሥ መልእክተኞች ጋር መጥቶ የቀይ ባሕርን ዓሦች ከመረመረ በኋላ በ1763 በየመን ምድር በንዳድ ሞተ። መጽሐፉን በ1775 ያሳተመው ከጓደኞቹ አንድ ብቻውን በሕይወት የተረፈው ካርስተን ኒቡር ነው። ሩፔል በሚጓዝበት ዘመንም የፕሩስያ መርማሪዎች የነበሩት ኤሬንበርግና ሄምፕሪክ በዚያው ባሕር ይመላለሱ ነበር፤ ሄምፕሪክም በ1825 በሰኔ ወር በምጽዋ በንዳድ ሞቶ በዚያው ተቀበረ። ሩፔል ይህን እያወቀ ወደ ምጽዋ ወረደ። ከዚያ ወደ ሐበሻ ደጋ ለመውጣት አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ጤናው ስለ ታወከ አሳቡን ሳይፈጽም በ1827 ወደ አውሮፓ ተመለሰ።

የዓሣ ምርመራ በዚያ ዘመን ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበረ ለመረዳት የሥራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከመርጃን ድንጋይ መካከል በሕይወቱ ሳለ እንደ ሐር ጨርቅ የሚያንጸባርቅ ዓሣ ከውኃ ሲወጣ ቀለሙን መለወጥ ይጀምራል፤ በአልኮል ውስጥ ከቆየ ደግሞ ወርቃማውም ሰማያዊውም ጠፍቶ አመድ ይመስላል። ስለዚህ መርማሪው ቶሎ ብሎ መልኩን ማሣል፣ የመቅዘፊያውን አጥንትና የቅርፊቱን ረድፍ መቁጠር፣ ርዝመቱን መለካት፣ ከዚያም ገምቦውን አሽጎ በግመልና በመርከብ መላክ ነበረበት። በባሕር ዳሩ ሙቀት አልኮሉ በተነነ ጊዜ የወራት ድካም በአንድ ቀን ይበሰብሳል። በሕይወት ያለ የባሕር ዓሣ በቤት ውስጥ አኑሮ የመመልከት ዘዴ ገና አልተገኘም ነበር። በዓለም የመጀመሪያው ለሕዝብ የተከፈተ የዓሣ ማሳያ ቤት በሎንዶን የእንስሳት መናፈሻ የቆመው በ1853 ነው፤ ይህም ከሩፔል የመጀመሪያ መጽሐፍ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው የዓሣ መጽሐፉ ከ1828 ጀምሮ በክፍል በክፍል ታተመ። በዚህም ሥራ ባለ ሁለት ነጭ መቀነቱንና ብርቱካን መልክ ያለውን የቀይ ባሕር አጫዋች ዓሣ፣ በጥቁር ገላው ላይ ሦስት ነጭ ነጥቦች ያሉትን ዓሣና የክንፉ ጠርዝ የጠቆረውን ትንሹን የመርጃን ዓሣ በሳይንስ ስም ሰየመ። በኋላም በ1835 በዕድሜው ከሁለት ሜትር በላይ የሚያድገውንና ግንባሩ የሚያብጠውን ታላቅ ዓሣ ገለጸ፤ ይህም ዓሣ ናፖሌዎን በሚባል ስም በዓለም ታውቋል። ለእነዚህ ሁሉ ስያሜ መሠረት የሆኑት ናሙናዎች በፍራንክፉርት ቤተ መዘክር ተጠብቀው ይገኛሉ። አንድ መርማሪ ያገኘው ዓሣ አዲስ መሆን አለመሆኑን ሲጠራጠር የሚያመሳክረው ከእነርሱ ጋር ነው።

ሩፔል ሳይፈጸም የቀረው የሐበሻ ጉዞ ከልቡ አልወጣም። በ1831 እንደገና ወደ ምጽዋ መጣ። ዘመነ መሳፍንት የነበረበት ጊዜ ነውና፣ በዚያው ዓመት ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ጦርነት ተሸንፈው ስለ ሞቱ የትግሬ መንገድ ታውኮ ነበር። ሩፔልም በባሕሩ ዳር ለብዙ ወራት ቆየ፤ ነገር ግን ጊዜውን በከንቱ አላሳለፈም፤ በዚህ ቆይታ የባሕሩን ዓሣና ወፍ እንደገና ሰበሰበ። በ1832 መንገድ ሲከፈትለት ወደ ደጋው ወጥቶ ትግሬን አቋረጠ፤ የተከዜንም ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሰሜን ተራራ ደረሰ። የተራራውን ከፍታ በአየር ክብደት መለኪያ ለካ። በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኘውን ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ከዚሁ ጉዞ በኋላ ነው።

ጎንደር በገባ ጊዜ ከተማዋ የቀድሞ ክብሯ ቀንሶባት ነበር፤ ሆኖም የሊቃውንት መኖሪያ መሆኗ አልቀረም። ሩፔልም በዚያ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት ከሊቅ አጽቁ ጋር ተዋወቀ። በእርሳቸው ርዳታ የነገሥታትን ታሪክና ሌሎችንም የግዕዝ መጻሕፍት አግኝቶ ወደ አገሩ ወሰደ፤ እነዚህም በስሙ የሚጠራ ክፍል ሆነው በፍራንክፉርት የመጻሕፍት ቤት ይገኛሉ። የጣናንም ባሕር ተመልክቶ የዓሣውን ወገኖች መርምሯል። የጣና ነጭ ዓሦች ከሚባሉት ወገኖች አንዳንዶቹ የሳይንስ ስማቸውን የያዙት ከእርሱ ነው። በ1833 ወደ ምጽዋ ወርዶ በ1834 አገሩ ገባ። በመልሱ ግን የሰበሰበው ሀብት በከፊል በመርከብ መሰበር ጠፋበት። ለሰው ልጅ ዕውቀት ሲል የራሱን ገንዘብ አውጥቶ፣ በንዳድና በሽፍታ መካከል አልፎ ያገኘው ነገር በባሕር ሲሰጥም ማየት እንዴት ያለ ሐዘን እንደሚሆን፣ ጭነቱ የሰጠመበት ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ሩፔል ግን የቀረውን ቆጥሮ፣ አስተካክሎና ጽፎ ከ1835 እስከ 1840 ባለው ጊዜ ስለ ሐበሻ እንስሳትና ስለ ጉዞው ታላላቅ መጻሕፍት አወጣ። በ1839 የሎንዶን የጂኦግራፊ ንጉሣዊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው።

በኋለኛው ዕድሜው ከእንስሳት ጥናት እየራቀ በጥንታዊ ገንዘቦች ምርመራ ላይ አተኮረ፤ የሰበሰባቸውንም ገንዘቦች ለከተማው ሰጠ። በ1884 በታኅሣሥ ወር በዘጠና ዓመት ዕድሜው በፍራንክፉርት ሞተ። ፎርስኮልንና ሄምፕሪክን በወጣትነታቸው የቀጠፈውን አገር አይቶ የተመለሰው ሰው በሰላም ሸምግሎ አረፈ።

እንግዲህ ሥራው ዛሬ በምን ይታያል ቢባል፣ በመጀመሪያ የሚታየው በዓሣ ገንዳ ነው። ሩፔል ስም የሰጣቸው ትንንሽ ዓሦች በጨው ውኃ ገንዳ መኖርን የሚችሉ ናቸው። ነገር ግን መዝገቡን ያላነበበ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ባለ ሁለት መቀነቱ አጫዋች ዓሣ እስከ 14 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ባልና ሚስት ሆኖ ይኖራል፤ ስፍራውንም አጥብቆ ይከላከላል። ባለ ሦስት ነጥቡ በሕፃንነቱ የሚያምር ቢሆንም ባደገ ጊዜ ጠበኛ ስለሚሆን ለትንሽ ገንዳ አይስማማም። ጠርዙ የጠቆረው ግን ከ6 ሳንቲ ሜትር ብዙ ስለማይበልጥ የተሻለ ነው። ናፖሌዎን ዓሣን በቤት ማኖር የማይታሰብ ከመሆኑም በላይ፣ ወገኑ እየተመናመነ ስለ ሄደ በ2004 በተደረገ ዓለም አቀፍ ውሳኔ ከአገር ወደ አገር የሚሸጠው በመንግሥት ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተደርጓል። ስለዚህ 200 ሊትር ለሚይዝ ገንዳ ሁለት አጫዋች ዓሦች፣ ቢበዛ ከሁለት ወይም ከሦስት ሌሎች ትንንሽ ዓሦች ጋር በቂ ናቸው። ሰላማዊው አስቀድሞ፣ ጠበኛው በመጨረሻ ይገባል፤ አዲስ መጪውም አራት ሳምንት ያህል ለብቻው ተለይቶ ከበሽታ ነጻ መሆኑ ሳይታወቅ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ዓሣው ከመግባቱ በፊት ግን ውኃው መዘጋጀት አለበት። የዓሣ እዳሪና የተረፈ ምግብ አሞንያ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህንን መርዝ በድንጋይና በአሸዋ ላይ የሚኖሩ ረቂቃን ነፍሳት አስቀድመው ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ነፍሳት ተራብተው ሥራቸውን እስኪችሉ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ዓሣ የሚያስገባ ሰው ዓሣውን ለሞት አሳልፎ ይሰጣል። ስለሆነም የማጣሪያው ዋና ክፍል ብዙ ቀዳዳ ያለው የባሕር ድንጋይ ነው። ሁለተኛው አየር ከውኃ ጋር አፍልቶ ቆሻሻውን ከመበስበሱ በፊት በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። ሦስተኛው ውኃውን ሳያቋርጥ የሚያዘዋውር መግፊያ ነው። ከዚህም ጋር በየሁለት ሳምንቱ ከውኃው ከመቶ አሥር እጅ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ቀድቶ በአዲስ መተካት ያስፈልጋል፤ የሚጠራቀመው ናይትሬት የሚቀነሰው በዚህ ነውና።

ባሕር አጠገብ ላለ ሰው ንጹሕ ውኃ ከወደቡ ርቆ መቅዳት ቀላል ነው። በገዳሪፍ፣ በከሰላ ወይም በኸሽም ኤል ቂርባ ለሚኖር ሰው ግን ባሕሩ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ስለዚህ ባሕሩን ራሱ መሥራት አለበት። የአትባራ ውኃ በክረምት ጭቃ ስለሚበዛበት ደለሉ እንዲሰፍር ማቆየት፣ በአሸዋና በከሰል ማሳለፍ፣ ቢቻል ደግሞ በስስ ሽፋን ውስጥ በግፊት በሚያልፍ ማጣሪያ ማጥራት ያስፈልጋል። ለ200 ሊትር 7 ኪሎ ያህል ጨው ይበቃል፤ በሊትር 35 ግራም መሆኑ ነው። የቀይ ባሕር ውኃ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 40 ግራም ይደርሳል። የወጥ ጨው ግን ለዚህ አይሆንም። ባሕር ዳር በፀሐይ የሚደርቀው ጨው በተለቀመ ጊዜ ማግኒዚየምና ሌሎች ማዕድኖች በቀሪው ውኃ ውስጥ ይቀራሉ፤ ዓሣውና መርጃኑ ደግሞ እነዚህን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው መግዛት ግድ ነው። በበጋም የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ገንዳውን ከፀሐይ አርቆ፣ በውኃው ላይ ነፋስ የሚሰጥ መሣሪያ አቁሞ ሙቀቱን ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ማቆየት ይገባል፤ የሞቀ ውኃ የሚይዘው አየር ያነሰ ነውና። የተነነውንም ውኃ ንጹሕ በሆነ ጨው አልባ ውኃ መሙላት እንጂ የጨው ውኃ መጨመር አይገባም፤ ውኃው ሲተን ጨው በገንዳው ስለሚቀር ጨውነቱ እየከበደ ዓሣውን ይገድለዋልና።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የኸሽም ኤል ቂርባን ግድብ የሚሞላው ደለል ከሚመጣበት ምድር አንዱ ሩፔል በ1832 የለካው የሰሜን ተራራ ነው፤ ከዚያ የታጠበው አፈር በተከዜ ወርዶ ወደ አትባራ ይገባል። ዛፉ ከተቆረጠበት ቁልቁለት የወረደ አፈር በሩቅ አገር የገበሬን ውኃ ያጎድላል፤ ግድቡም ሲታጠብ የአጥማጁን ዓሣ ይገድላል። ሩፔል ተራራውንም ወንዙንም ባሕሩንም በአንድ መዝገብ ማስፈሩ የእነዚህን ነገሮች ዝምድና ለሚከተሉት ሰዎች እንደ መነሻ ይሆናል።

የነጋዴ ልጅ የነበረው ይህ ሰው የንግድን ሥራ ቢተውም የነጋዴን ጠባይ አልተወም። ያየውን ቆጠረ፣ የቆጠረውን ጻፈ፣ የጻፈውን ለሌላው እንዲያመሳክር አስቀመጠ። ሀብቱ በከፊል በባሕር ሰጠመ፤ መዝገቡ ግን እስካሁን ይሠራል። በባሕር ዳር የሚኖር ሰውም ከመረቡ የወጣውን ዓሣ ስሙንና ልኩን ጠይቆ ቢይዝ፣ ገንዳም ቢሠራ ዓሣውን ሳይገዛ አስቀድሞ ውኃውን ቢያዘጋጅ፣ ከሩፔል ድካም የድርሻውን ጥቅም አገኘ ማለት ነው።